ለሽርሽር ጫካ የገባው ልጅ

የነቀምቴ የመጋዘን ዘበኞች አቋቋማቸው አንድ ነው። ዱላቸውን ከማጅራታቸው በስተኋላ በሁለቱ ትከሻቸው ላይ ያጋድሙና እጃቸውን ግራና ቀኝ አንጠልጥለውበት ይቆማሉ። አብዛኞቹ ገበሬ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ልማዱን ከገጠር ይዘውት መጥተዋል። እንዲህ ሲቆሙ ወገብ ያርፋል፤ እጅም የሚውልበት ያገኛል። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ካለው የቡና መጋዘን በር ላይ የሚቆመው ካሊድ ብቻ ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ እጁን ኪሱ ይከታል። አሠሪው አንድ ሁለቴ ተቆጥቶታል፤ ዱላ ያልያዘ ዘበኛ ማንን ያስፈራል ብሎ። ካሊድ ዱላውን ያነሳል። ሰውየው ዞር ሲል መልሶ ያስደግፈዋል።

ዕድሜው ሃያ አራት ነው። ሰኞ ሰኞ ለአንድ ሰዓት ያስፈቅድና ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዶ ፓስፖርቱን ይጠይቅ ነበር። አልመጣም ሲሉት ይመለስ ነበር። እንዲህ ሲል ዓመት ከሦስት ወር ቆየ። የሰፈሩ ሰው ወደ ውጭ አገር ለመመለስ የሚቸኩል ይመስለው ነበር። የመመለሱ ነገር ግን ካለቀለት ቆይቷል። ካሊድ ፓስፖርቱን የፈለገው ለአባቱ ለማሳየት ነው። ውስጡ የሀንጋሪ ቪዛና የመግቢያ ማኅተም አለ። አባቴ ያንን በዓይኑ ካየ ያምነኛል ብሎ ያስብ ነበር።

እኔ የምኖረው ከካሊድና ከቤተሰቡ ቀጥሎ ባለው ክፍል ነው፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ይህን ታሪክ ከራሱ፣ ከእህቱ ከሲሀምና ከአከራያችን ከአዴ ቀለሟ ሰምቼዋለሁ። መጨረሻውን ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ተቀምጬ አይቻለሁ።

አባቱ ኦቦ እንድሪስ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው ጊዳ አያና ሲሰፍሩ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። አባታቸው በሰፈራው በመጀመሪያው ክረምት በወባ ሞቱባቸው። ኦሮምኛ ያስተማራቸው፣ በኋላም ሲያድጉ አንድ አንድ በሬ አቀናጅተው አብረዋቸው ያረሱት ጎረቤታቸው ኦቦ ፉፋ ናቸው። በ2013 በሰፋሪዎቹ ላይ ነገሩ ሁሉ ሲበላሽ ቤተሰቡን ሦስት ቀን በበቆሎ ጎተራቸው ደብቀው፣ በአራተኛው ቀን እስከ አስፋልቱ የሸኙትም እኚሁ ሰው ናቸው። ነቀምቴ መጥተው አዴ ቀለሟ ግቢ አንድ ክፍል ተከራዩ። የካሊድ እናት ዓመት ሳይሞላት ሞተች። ኦቦ እንድሪስ የመጋዘን ዘበኛ ሆኑ፤ ሲሀም ቁርስ ቤት ተቀጠረች። ካሊድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን ሰው ባልጠበቀው ውጤት አለፈና የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ የአፈር ሳይንስ ሊማር ሀንጋሪ ሄደ። ያ ቤት ከአያና ከወጣ ወዲህ ያየው ደግ ነገር ይኸው አንድ ነበር።

ጉዞው የሆነው በ2016 ኅዳር ውስጥ ነው። የውጭ አገር ተማሪዎች ማኅበር የሁለት ቀን ሽርሽር አዘጋጀ፤ አንዱን ቀን የድሮ ከተማ ለመጎብኘት፣ ሌላውን ተራራ ለመውጣት። ካሊድ በዚያ አገር ሁለት ዓመት ሲቀመጥ ከመኝታ ክፍሉ፣ ከትምህርቱና ቅዳሜ ቅዳሜ ሳህን ከሚያጥብበት ምግብ ቤት በቀር የሚያውቀው ቦታ አልነበረም። የመሄድ ሐሳብም አልነበረውም። ዶርም የሚጋራው የአንጎላ ልጅ፣ ጸጉሩን አሳድጎ የጎነጎነ ሳቂታ፣ ሳይጠይቀው ስሙን ዝርዝሩ ላይ ጻፈለት።

የመጀመሪያውን ቀን ኤገር የምትባል ከተማ ዋሉ። የድንጋይ ምሽግ አዩ፤ አስጎብኚው ብዙ የጦርነት ዘመን ቆጠረላቸው። ካሊድ ከዚያ ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ ሚናራ ብቻ ነው። ቱርኮች አገሩን ይዘው በነበረ ጊዜ ያሠሩት ነው። መስጊዱ ፈርሶ ጠፍቷል፤ ሚናራው ግን ብቻውን እንደተቀረጸ እርሳስ ከቤቶቹ መሃል ቆሟል። ደረጃው ሁለት ሰው አያሳልፍም። ካሊድ ትከሻው ግድግዳውን እየታከከ ወጣው። ላይ ሲደርስ ግን ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። ከታች የሚሰግድ ሰው የለም፤ ቡና የሚጠጡ አገር ጎብኚዎች ናቸው ያሉት። የእነሱ መንደር መስጊድ ሚናራ ከቆርቆሮ የተሠራ ነበር፤ ይኑር ይፍረስ ካዩት ሦስት ዓመት አልፏል። ጥቂት ቆሞ ወረደ። የአንጎላው ልጅ ምን አየህ ሲለው፣ ጣራ ነው ብሎ መለሰለት።

በማግስቱ ተራራ ወጡ። ግንዳቸው ልሙጥና ግራጫ የሆነ ረጃጅም ዛፎች ያሉበት ጫካ ነው፤ ቅጠሉ ረግፎ መሬቱን ቀይ አድርጎታል። ካፊያ ሲጀምር መሪያቸው ከቦርሳው ያረጁ ጥቁር አረንጓዴ የዝናብ ካፖርቶች አውጥቶ አደላቸው። መንገዱ ቀጭን ስለነበር በሰልፍ ሄዱ። ሌሎቹ የሚታጠፍ የብረት ምርኩዝ ይዘዋል። ካሊድ ምርኩዝ ስላልነበረው ከወደቀ ዛፍ ላይ ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ ሰብሮ ያዘ። ሰዓት ያህል ከተጓዙ በኋላ ሳያስበው ዱላው ትከሻው ላይ ወጣ፤ እጆቹም በላዩ ተንጠለጠሉ።

ከኋላው የነበረች አንዲት የቬትናም ልጅ ሳቀች። እንዲህ የሚኬደው ለምንድን ነው ብላ ጠየቀችው። በአገሬ ወንዶች ሩቅ መንገድ ሲሄዱ እንዲህ ናቸው፣ አባቴም አያቴም እንዲህ ናቸው አላት። ሁሉም ሞከሩት። የብረት ምርኩዙ እያጠረባቸው፣ እየተንሸራተተባቸው ተሳሳቁ። ካሊድ አያያዙን እያስተካከለላቸው በሰልፉ አጠገብ ወጣ ወረደ። ከእናቱ ሞት ወዲህ እንደዚያ ቀን የሳቀበትን ጊዜ አያስታውስም። ልጅቷ ሮጥ ብላ ከፊታቸው ቀደመችና እንደዚያው ቁሙ ብላ ፎቶ አነሳቻቸው።

ፎቶውን እኔም አይቼዋለሁ። አምስት ሰዎች አሉበት። ካሊድ ከፊት ነው፤ ዱላው ትከሻው ላይ ተጋድሞ ይስቃል። ከኋላው የአንጎላው ልጅ ጉንጉኑ ከካፖርቱ ቆብ ወጥቶ ይታያል። ሦስቱ ቆባቸውን ደፍተው ጉም ውስጥ ናቸው፤ ፊታቸው አይለይም። የሁሉም ጀርባ ላይ ቦርሳ አለ። ልጅቷ አንሺዋ ስለሆነች ፎቶው ውስጥ የለችም። ካሊድ ይህን ነገር ደጋግሞ ያነሳል። እሷ ሁለት እርምጃ መጥታ ከጎናችን ቆማ ቢሆን ኖሮ፣ ይላል፣ እዚህ አገር ማንም ሰው አይሳሳትም ነበር።

ፎቶውን በሲሀም ቴሌግራም ላከው። ኦቦ እንድሪስ ሲያዩት ስልኩን ከሲሀም እጅ ወስደው በር ላይ ወደ ብርሃኑ ወጡ። የአባታቸው ፎቶ የላቸውም፤ መልካቸውም ከጠፋባቸው ቆይቷል። የቀራቸው አንድ ነገር አባታቸው ዱላ ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከፊት ለፊታቸው ሲሄዱ ነው። "አባቴን ቁርጥ" አሉ። ሲሀም ፎቶውን ወደ እሳቸው ስልክ አዛውራ፣ ስልኩ ሲበራ መጀመሪያ እንዲታይ አደረገችላቸው።

ደወሉለትም። ጫካ የገባኸው ምን ልታመጣ ነው ብለው ጠየቁት። ካሊድ ምንም አላመጣም፣ ለማየት ነው አላቸው። እንጨት ነው፣ ማር ነው ብለው ደግመው ጠየቁ። አይደለም አባ፣ እዚህ አገር ሰው ዝም ብሎ ይሄዳል፣ ያያል፣ ይመለሳል ሲላቸው ሳቁበት። የሚሄድበትን ያጣ አገር ነው በለኛ አሉት። ሲስቁ ሲሀምም ሳቀች፤ ካሊድም ከዚያ ማዶ ሳቀ።

አዴ ቀለሟ ፎቶውን ያዩት በሳምንቱ ነው። አዴ ቀለሟ ባላቸው የሞተባቸው፣ እሑድ እሑድ ቸርች የማይቀሩ፣ ዓይናቸው ብዙ ያየ ሴት ናቸው። ስልኩን ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው ተመለከቱት።

"ኦቦ እንድሪስ፣ ይሄን ፎቶ ያጥፉት" አሉ። "ኢጆሌ ቦሶና ነው የሚመስሉት። የጫካ ልጆች፣ ታጣቂዎቹን።"

"አዴ ቀለሟ፣ ጫካ ያለ ሰው እንዲህ ይስቃል?"

"እኔ ፎቶውን አይደለም የምፈራው። የሚያየውን ሰው ነው።"

ኦቦ እንድሪስ ቅር አላቸው። ለሁለት ቀን በሰላምታ ብቻ ተላለፉ። ፎቶውንም አላጠፉትም።

ታኅሣሥ ላይ ኦቦ ፉፋ አያና ሞቱ። ኦቦ እንድሪስ ለቅሶ ሳልደርስ አልቀርም አሉ። መንገዱ አስተማማኝ አልነበረም፤ ሲሀም ይቅርብህ ብላ ለምናቸው ነበር። ጎተራውን ከፍቶ ያስገባኝን ሰው ሳልቀብር አሏት። ጋቢያቸውን ለብሰው በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈሩ። በመንገዱ ካሉት ኬላዎች በአንዱ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ስልኩን እንዲያሳይ ታዘዘ። የሆነውን ለሲሀም የነገራት አብሯቸው የነበረ ነጋዴ ነው።

ስልኩን የተቀበላቸው ወጣት ነበር። ሲያበራው ያ ፎቶ ወጣ። ማነው አላቸው፤ ልጄ ነው አሉ። የት ነው ያለው ሲላቸው፣ ሀንጋሪ የሚባል አገር፣ ተማሪ ነው አሉት።

"ተማሪ ጫካ ምን ይሠራል?"

"ለማየት ሄዶ ነው።"

"ምኑን?"

"ጫካውን።"

ወጣቱ አልተቆጣም። ጓደኛውን ጠርቶ፣ አባት እስቲ ለእሱም ድገሙለት አላቸው። ደገሙለት። ሁለቱም ሳቁ፤ ከተሳፋሪውም ፈርቶ አብሮ የሳቀ ነበር። ኦቦ እንድሪስም ራሳቸው ፈገግ አሉ፤ ይህ ነገር እንደሚያስቅ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረምና። ከዚያ ዕቃቸውን እንዲያወርዱ ነገሯቸው። ሚኒባሱ ያለ እሳቸው ሄደ።

ነቀምቴ ተወስደው አርባ አንድ ቀን ታሰሩ። ሲሀም ምግብ ይዛ ትሄዳለች፤ ሳህኑን በር ላይ ተቀብለው ባዶውን ይመልሱላታል። አንድም ቀን አላገናኟትም። አዴ ቀለሟ አብረዋት እየሄዱ ኃላፊውን ለመኑ፤ ለኦሮምኛውም ለሽምግልናውም እሳቸው ይሻላሉ ተብሎ። ካሊድ ከዩኒቨርሲቲው የተማሪነት ደብዳቤ አስጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ ላከ። ሲሀም አትማ ወሰደችው። ኃላፊው አየውና ማኅተም ማንም ያስቀርጻል አለ። በስልክ በቪዲዮ ላገናኝዎት ብትለው፣ ስልክ ውስጥ ያለ ሰው የት እንዳለ በምን አውቃለሁ አላት። ሰውየው ባለጌ አልነበረም። ወንበር ይሰጣቸው ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም አዘነላቸውና መፍትሔ ያለውን ነገራቸው።

"እሱ ራሱ ይምጣ። ፎቶው የዚህ ጫካ ካልሆነ መምጣቱ ምን ያስፈራዋል?"

ሲሀም ይህን ለካሊድ ልትነግረው አልፈለገችም። ሁለቱንም የማጣት ፍርሃት ያዛት። የነገሩት አዴ ቀለሟ ናቸው፤ ደውለው፣ እኔ ና አልልህም፣ አትምጣም አልልህም፣ የተባለውን ግን ማወቅ አለብህ ኢልማ ኮ አሉት። ኢልማ ኮ ማለት ልጄ ማለት ነው። ካሊድ ለዩኒቨርሲቲው አመለከተ፤ ሠላሳ ቀን ፈቀዱለት። ከሠላሳ ቀን በላይ ከቀረ የትምህርት ዕድሉ ይሰረዛል። የአንጎላው ልጅ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሸኘው፤ በመንገድም መጽሐፎቹን አልጋው ላይ እንደማያስነካበት ነገረው።

ነቀምቴ በገባ በማግስቱ ከሲሀም ጋር አባቱ ወደታሰሩበት መሥሪያ ቤት ሄደ። ፂሙን አልተላጨም፤ ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ አድሮ ዓይኑ ጎድጉዷል። ፓስፖርቱን፣ የተማሪ መታወቂያውን፣ የመኖሪያ ካርዱን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ኃላፊው አንድ በአንድ አይቶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው፤ ለማጣራት ወደ ላይ ይላካል አለ። ከዚያ የአባትየውን ስልክ አወጣ። ፎቶውን አበራ፤ ካሊድን አየ፤ ፎቶውን አየ። ልጁ ከስቷል፤ ፎቶው ላይ ደግሞ ቆብ አለ። አላረካውም።

ሲሀምን እዚያው አስቀምጦ ካሊድን ወደ ግቢው አወጣው። ሁለት ጥበቃዎችም ወጡ። ከጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያ ተቀብለው እንጨቱን ነቅለው ሰጡት። እንደ ፎቶው ያዘው አሉት። ካሊድ እንጨቱን ትከሻው ላይ አጋደመ፤ እጆቹን አንጠለጠለ። ኃላፊው ስልኩን ከፊቱ ጎን ይዞ አንዴ ወደ ስልኩ አንዴ ወደ እሱ እያየ ቆየ።

"ሳቅ" አለው።

"ምን?"

"እዚህ ላይ እየሳቅህ ነው። ሳቅ እንጂ፣ ጥርስህን ልየው።"

ካሊድ ለመሳቅ ሞከረ። ይህን ሲነግረኝ ፊቱን ወደ መጋዘኑ በር አዙሮ ነበር። ከንፈሬ ይከፈታል፣ ግን ሳቅ አይሆንም አለኝ። ኃላፊው ትንሽ ጨምር፣ ቀና በል እያለ አስተካከለው፤ ልክ ፎቶ ቤት እንደሚደረገው። በዚህ መሃል እስረኞች ወደ ሽንት ቤት ሊሄዱ በግቢው ጥግ አለፉ። ከመጨረሻው ሁለተኛው ኦቦ እንድሪስ ነበሩ። ካሊድ አያቸው። አባ ብሎ ሊጠራቸው አፉን ሲከፍት አንደኛው ጥበቃ እጁን አንስቶ ዝም አሰኘው። ኦቦ እንድሪስ ቆሙ። ልጃቸው በሁለት መሣሪያ የያዙ ሰዎች መሃል፣ ፂሙ አድጎ፣ እንጨት ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ጥርሱን ገልጦ ቆሟል። ከኋላ ያለው እስረኛ ገፋ ሲያደርጋቸው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሄዱ።

አንድ ነው፣ ይኸው ልጅ ነው አለ ኃላፊው። እንጨቱን ለጽዳት ሠራተኛዋ መለሱላት።

በሦስተኛው ቀን ኦቦ እንድሪስን ለቀቋቸው። ካሊድና ሲሀም በር ላይ ጠበቋቸው። ሲሀምን አቅፈው አለቀሱ። ካሊድን አላቀፉትም፤ መዳፋቸውን ጉንጩ ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩትና ተጎድተሃል አሉት። ቤት ሲደርሱ አዴ ቀለሟ በጀሪካን ውኃ አመጡላቸው። ካሊድ እጃቸውን ሲያስታጥባቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁት።

"ሌሎቹስ?"

"የትኞቹ?"

"ፎቶው ላይ ያሉት። እነሱም እጃቸውን ሰጡ?"

ካሊድ ውኃውን ማፍሰስ አቆመ። መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም፤ ሲገባው ደግሞ አላመነም። አባቱ አርባ ቀን ያህል ልጅህ ጫካ ነው፣ እመን ሲባል ልጄ ተማሪ ነው ብሎ የጸና ሰው ነው። ያጸናው እርግጠኛነቱ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ልጁን በዚያ ግቢ አየው። የመጣው በአውሮፕላን መሆኑን የነገረው የለም። ሲሀም ገብታ እንዳትነግረው ተከልክላ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሂድ ተባለ። ኦቦ እንድሪስ ነገሩን ለራሳቸው ገጣጠሙት፤ እነዚያ ሰዎች እውነታቸውን ነው፣ ልጄ ጫካ ነበር፣ እኔን ለማስፈታት ብሎ እጁን ሰጠ።

ካሊድ ያልሞከረው የለም። የሚናራውን ፎቶ አሳያቸው፤ ፎቶ በስልክ ስንት ይዞራል አሉት። የሀንጋሪ ቋንቋ ተናገረላቸው፤ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። በስልክ ስታወራኝ የኖርከው ከየት እንደሆነ እኔ በምን ላውቅ አሉ፤ ይህን ያሉት ኃላፊው ባለበት አነጋገር ነበር። በመጨረሻ ለአንጎላው ልጅ በቪዲዮ ደወለለት። ልጁ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ጉንጉኑን ወደ ኋላ ሰብስቦ፣ በደስታ እጁን አውለበለበላቸው። ኦቦ እንድሪስ ስልኩን በፍርሃት ገፉት።

"ይሄኛው ገና አልወጣም?" አሉ።

ሲሀም ያን ጊዜ ሳቀችና ወዲያው ወጥታ ውኃ ቧንቧው ሥር አለቀሰች።

ሠላሳው ቀን አለፈ። ፓስፖርቱ ከላይ አልተመለሰም። ካሊድ ለዩኒቨርሲቲው ጻፈ፤ አሥር ቀን ጨመሩለት፤ እሱም አለቀ። የመጨረሻው ደብዳቤ አጭርና ጨዋ ነበር ይላል፤ መልካም እንዲገጥመው ተመኝተውለታል። ሊመረቅ አንድ ዓመት ተኩል ቀርቶት ነበር። የአንጎላው ልጅ መጽሐፎቹን እንዳስቀመጠለት ሁለት ጊዜ ጻፈለት፤ ከዚያ እሱም ተመርቆ ወደ አገሩ ሄደ። መጽሐፎቹ የት እንደደረሱ አይታወቅም።

ኦቦ እንድሪስ ከእስር በኋላ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ቆሞ መዋል አልቻሉም። የዘበኝነት ቦታቸውን ካሊድ ወሰደ። ሰው ሲጠይቃቸው ልጄ ለእረፍት መጥቶ ነው ይላሉ፤ ሊደብቁለት ነው። አስበውለት ነው የሚዋሹለት። ለሁላችንም ተማሪ መሆኑን እየማሉ ይነግሩናል። እኛ እናምናለን፤ ማመን ያቃታቸው ራሳቸው ናቸው። ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጀምሮ ካሊድ ጫካ ገብቶ እንደማያውቅ ሁሉም ሰው ተቀብሎታል። የቀሩት አንድ ሰው ናቸው፤ እኚያ አንድ ሰው ደግሞ አባቱ ናቸው።

ስለዚህ ካሊድ ያለውን ተስፋ ሁሉ ፓስፖርቱ ላይ ጣለው። ሰኞ ሰኞ ሄደ። ኃላፊው ተቀየረ፤ አዲሱ ፋይሉን አላውቀውም አለው። እንደገና አመለከተ። ያ ደግሞ ሥልጠና ሄደ፤ ተመለሰ። ካሊድ ግን ሰኞ አልቀረም።

ባለፈው ሰኞ ሰጡት። እንዲያው በድንገት፣ አንዲት ጸሐፊ ከመደርደሪያ ላይ አውርዳ፣ አቧራውን በእጇ ጠርጋ፣ ፈርም ብላ ሰጠችው። መታወቂያውና የመኖሪያ ካርዱ አልተገኙም። ካሊድ ወደ ሥራው አልተመለሰም፤ በቀጥታ ወደ ቤት መጣ። ከሰዓት በፊት ነበር። ኦቦ እንድሪስ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍላሉ። ሲሀም ልብስ ታሰጣለች። እኔ በሬ ላይ መጽሐፍ ይዤ ነበር። ካሊድ ከአባቱ ፊት ቁጢጥ ብሎ ፓስፖርቱን ገለጠላቸው። ቪዛውን አሳያቸው፤ የእሱ ፎቶ አለበት። ማኅተሙን አሳያቸው፤ አውሮፕላን የተሳለበት ነው። ቀኑን በጣቱ እየነካ፣ ይሄ በ2014 መስከረም ነው፣ ያን ቀን ነው የገባሁት አባ አላቸው።

ኦቦ እንድሪስ የበቆሎ ፍርፋሪውን ከእጃቸው አራግፈው ፓስፖርቱን ተቀበሉት። ገጾቹን በቀስታ ገለጡ። ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

"ይሄን የሰጡህ እነሱ ናቸው?"

"አዎ። ግን የእኔ ነው አባ፤ ይዤው የመጣሁት ነው። ተወስዶብኝ ነው።"

"ይሄን ሁሉ ጊዜ እነሱ ዘንድ ነበር።"

"አዎ።"

ኦቦ እንድሪስ ዘግተው መለሱለት። ፊታቸው ላይ ደስታ አየሁ፤ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው።

"ደህና አድርገው ሠርተውልሃል" አሉት። "በደንብ ያዘው። ኬላ ላይ ሲይዙህ ይሄን ታሳያለህ፤ ማንም አይነካህም።"

ካሊድ ቁጢጥ እንዳለ ቀረ። ሲሀም ያልተሰጣ ልብስ በእጇ ይዛ ቆመች። ካሊድ ቀና ብሎ አያት፤ እሷ ደግሞ ወደ መሬት አየች። ኦቦ እንድሪስ አንዱን የበቆሎ ራስ ፈልፍለው ሌላውን አነሱና ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

"እኔ የታሰርኩበትን አልይዝብህም። ለእኔ ብለህ እጅህን ሰጥተሃል፤ ልጅ ለአባቱ ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል። ማንም እንዳይጠይቅህ፣ እኔም አልጠይቅህም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ እዚያ ሳለሁ ይሄው ነበር የሚከነክነኝ። ያ ፎቶ ላይ ጉም አለ። ይበርድ ነበር?"

ካሊድ መልስ ከመስጠቱ በፊት ፓስፖርቱን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

"ይበርድ ነበር አባ።"

"ምን ትበሉ ነበር?"

"ዳቦ። ፖምም ነበረ።"

"ፖም" አሉ ኦቦ እንድሪስ። ራሳቸውን ነቀነቁ። "አብሽር፣ አለፈ።"

ዛሬም ሰኞ ነው። ካሊድ ፈቃድ አልጠየቀም። ስወጣ በመጋዘኑ በር በኩል አልፌ ነበር። ዱላው እንደ ወትሮው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሰላም አልኩት፤ ሰላም አለኝ። ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። ዝም ብዬ ወጣ ብዬ ነው፣ ትንሽ ልንሸራሸር አልኩት።